በሰማይ መንገድ ያወጣው ገንዘብ የማን ነው?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በቅርቡ ባወጣችሁት እትም የአገር ውስጥ በረራን ለትናንሽ የግል አየር መንገዶች በሰፊው ስለመክፈት የቀረበውን አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ለክርክራቸው ማጠናከሪያ ያደረጉት የአላስካንና የሰሜን ካናዳን ልምድ ነው። በእነዚያ የበረዶ ምድሮች መኪና የማይደርስባቸው መንደሮች በአነስተኛ አውሮፕላን የሚገናኙት መንግሥት ዞር ስላለና ገበያው ለግል ባለሀብት ስለተለቀቀ ነው የሚል ድምዳሜ ላይም ደርሰዋል። የምኖረው የሰሜን ካናዳ በረራዎች መነሻ ከሆኑት ከተሞች አንዷ በሆነችው በኤድመንተን ሲሆን ሙያዬም የአውሮፕላን ጥገና ነው። ስለ ኢትዮጵያ ገበያ የተነሳውን ሐሳብ በዋናነት ለሚያውቁት እተወዋለሁ፤ በምሳሌነት ስለቀረበው አካባቢ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምሳሌው የሚያሳየው ጸሐፊው ካሉት ተቃራኒውን ነውና። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ኑናቩት የሚባለው የካናዳ ግዛት ስፋቱ የኢትዮጵያን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ በ2021 የሕዝብ ቆጠራ የተገኘው ነዋሪ ግን 37 ሺሕ እንኳ አልሞላም። ይህ ሕዝብ በ25 ማኅበረሰቦች ተበትኖ የሚኖር ሲሆን አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ባሕሩ ከበረዶ ነፃ በሚሆንባቸው፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ገደማ ባሉት አጭር ሳምንታት መርከቦች ነዳጅ፣ የግንባታ ዕቃና የማይበላሽ ምግብ ያራግፋሉ። በቀረው ጊዜ ወተትም ሆነ መድኃኒት፣ አስተማሪም ሆነ ዳኛ፣ የሞተ ሰው አስከሬንም ጭምር የሚመጣውና የሚሄደው በአየር ነው። በአላስካም ቢሆን ከአምስት ማኅበረሰቦች አራቱ ያህል ከዋናው የመንገድ አውታር ጋር አይገናኙም። እዚያ አውሮፕላን የሚሳፈረው ሰው ፍጥነት ፈልጎ አይደለም፤ ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው።

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል የአገራችን ሰው። አርክቲክ ላይ ይህ አባባል ቃል በቃል ይሠራል፤ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነው። ከምዕራብ አላስካዋ ከኖም ከተማ የሚነሳ ባለዘጠኝ መቀመጫ ሴስና ካራቫን ጥቂት መቶ ሰዎች ወደሚኖሩበት፣ ኢኑፒያት ወደተባለው የአካባቢው ተወላጅ ሕዝብ መንደር በየዕለቱ ይበራል። እንዲህ ያለች መንደር በየዕለቱ አውሮፕላን የሚሞላ መንገደኛ የላትም፣ ሊኖራትም አይችልም። በረራውን የሚያዋጣው ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫዎቹ ኋላ የታሰረው ፖስታ ነው። ፖስታ ስል ደብዳቤ ማለቴ አይደለም። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ለአላስካ ብቻ የዘረጋው ልዩ አሠራር አለ፤ በአንኮሬጅ ወይም በፌርባንክስ ያለ ጅምላ ነጋዴ ቢያንስ 1,000 ፓውንድ፣ ማለትም 454 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሸቀጥ ጠቅልሎና አሽጎ፣ ፖስታ ቤት ሳያስገባ በቀጥታ ለአየር መንገዱ ያስረክባል፤ አየር መንገዱም እስከ መንደሩ ያደርስለታል። ነጋዴው የሚከፍለው ተራ የጥቅል መላኪያ ታሪፍ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለውን የበረራ ወጪ የሚሸከመው ፖስታ አገልግሎቱ ነው። ዱቄት፣ ለስላሳ መጠጥ፣ የሕፃናት ዳይፐር፣ የታሸገ ሾርባ ሁሉ ሕጋዊ «ፖስታ» ሆኖ ይበራል። የፖስታ አገልግሎቱ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በ2011 ባወጣው ዘገባ በዚህ አሠራር ምክንያት በዓመት ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ እንደሚደርስ ገልጿል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ገንዘብ እንዲያው በጭፍን የሚፈስ አለመሆኑ ነው። ኮንግረሱ በ2002 ባወጣው ሕግ የዚህ ፖስታ ትልቁ ድርሻ በመስመሩ ላይ መንገደኛ ለሚያጓጉዙ ኩባንያዎች እንዲሰጥ ደነገገ። ጭነት ብቻ የሚያግዙት ትርፋማውን ሥራ ወስደው ሰው የሚያሳፍሩትን እንዳያከስሩ ታስቦ የወጣ ሕግ ነው። በሌላ አነጋገር የመንደሩ ነዋሪ የሚቀመጥባት ወንበር ያለችው የፖስታው ሕግ ስላስገደደ ነው። የአሠራሩ ዋነኛ ጠበቃ የነበሩት ሴናተር ቴድ ስቲቨንስ ነበሩ፤ እሳቸውም በ2010 በዚያው በአላስካ በደረሰ የአነስተኛ አውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። በግል ባለሀብት ነፃነት የሚያምኑ የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰው ለዚህ የመንግሥት ወጪ አሥርተ ዓመታት መሟገታቸው ብዙ የሚናገር ይመስለኛል።

ከፖስታው ሌላ ደግሞ ቀጥተኛ ድጎማ አለ። አሜሪካ በ1978 አየር መንገዶች መስመራቸውንና ዋጋቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ በሕግ ስትፈቅድ፣ ትናንሽ ከተሞች ወዲያው በረራ እንደሚያጡ ሕግ አውጪዎቹ ተረድተውት ነበር። ስለዚህ በዚያው ሕግ ውስጥ «አስፈላጊ የአየር አገልግሎት» የሚባለውን ፕሮግራም አካተቱ። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ መስመሩን ለጨረታ ያወጣል፣ ኩባንያዎች የሚያስፈልጋቸውን ድጎማ ያቀርባሉ፣ አሸናፊው ለተወሰኑ ዓመታት የተወሰነ ምልልስ የማድረግ ግዴታ ይገባል። በአላስካ ከ60 በላይ ማኅበረሰቦች በዚህ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ናቸው። የ1978ቱ ሕግ እንግዲህ የገበያ ነፃነት ምልክት ተደርጎ በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሰው ሕግ ራሱ ነው። በ2025 መኸር የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በበጀት ውዝግብ ሥራ ባቆመ ጊዜ፣ ሚኒስቴሩ የፕሮግራሙ ገንዘብ በቀናት ውስጥ ሊያልቅ እንደሚችል ሲያስጠነቅቅ፣ ከሁሉ በላይ የተደናገጠው ይኸው የአላስካ ገጠር ነበር።

ወደ ካናዳ ስንመጣ ሥርዓቱ ይለያያል፣ መሠረቱ ግን አንድ ነው። በኑናቩት የመንደር ጤና ጣቢያዎች የሚመሩት በነርሶች ነው፤ ሆስፒታል ያለው በዋና ከተማዋ በኢቃሉዊት ብቻ ነው። የባፊን አካባቢ ሕሙማን ወደ ኢቃሉዊትና ወደ ኦታዋ፣ የኪቫሊክ ወደ ዊኒፔግ፣ የኪቲክሚዮት ደግሞ ወደ የሎውናይፍና እኔ ወዳለሁበት ኤድመንተን ይላካሉ። ብዙ ነፍሰ ጡር እናቶች ከመውለጃቸው ሳምንታት ቀደም ብለው ከመንደራቸው በአውሮፕላን ወጥተው፣ ከቤተሰባቸው ርቀው የሚወልዱበትን ቀን ይጠብቃሉ። የዚህ ሁሉ ጉዞ ትኬት የሚቆረጠው በሕዝብ ገንዘብ ነው። በሰሜን ከሚጓዘው ሰው ብዛት ሕሙማንና አጃቢዎቻቸው፣ የመንግሥት ሠራተኞችና የማዕድን ሠራተኞች ሲቀነሱ፣ የራሱን ትኬት በራሱ ገንዘብ የሚገዛ መንገደኛ ጥቂት ሆኖ ይገኛል። ለዚያ ጥቂት ሰው ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፤ ከኢቃሉዊት ኦታዋ ደርሶ መልስ ከቶሮንቶ አውሮፓ ደርሶ መልስ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ኢኑይት ለሚባለው የአርክቲክ ተወላጅ ሕዝብ የተዘጋጀ ልዩ የቅናሽ ታሪፍ ባይኖር ኖሮ ለለቅሶ እንኳ መድረስ ባልተቻለ ነበር። ትኩስ ምግብ በአየር እንዲገባ የሚደጉመውም የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ እስከ 2011 በፖስታ በኩል ይደረግ የነበረው ድጎማ ከዚያ ወዲህ ለቸርቻሪዎች የሚከፈል ሆኗል። ቸርቻሪው ድጎማውን ሙሉ በሙሉ ለሸማቹ ያደርሳል ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላበቃም።

ጸሐፊው «የግል» ያሏቸው ኩባንያዎች ባለቤትነት ራሱ ሲታይ ሌላ ታሪክ አለው። በሰሜን ኩቤክ 14ቱን የኑናቪክ መንደሮች የሚያገለግለው ኤር ኢኑይት በ1978 ሲቋቋም ባለሀብት አግኝቶ አይደለም። የጄምስ ቤይና የሰሜን ኩቤክ ስምምነት በ1975 ከተፈረመ በኋላ ለኢኑይት ሕዝብ የተከፈለውን ካሳ የሚያስተዳድረው ማኪቪክ የተባለ ድርጅት የራሴ የሚለው አየር መንገድ እንዲሆን አቋቋመው። ማኪቪክ በ1990 ደግሞ ከ1946 ጀምሮ በሰሜን የኖረውን ፈርስት ኤርን ገዛ። ተፎካካሪው ካናዲያን ኖርዝም ቢሆን በምዕራብ አርክቲክ ኢንኡቪያሉይት ሕዝብ የልማት ድርጅት እጅ ነበር። እነዚህ ኩባንያዎች ትርፍ አይጠሉም፣ ግን ሲቋቋሙ ዓላማቸው ትርፍ ብቻ አልነበረም፤ የመንደሩ ሰው ባለአክሲዮንም መንገደኛም ነበር።

የቻርተሩን፣ ማለትም የኮንትራት በረራውን ሥራ ነጥሎ ማየት ይገባል፤ ጸሐፊው መደበኛውንና የቻርተሩን በረራ አንድ ላይ ነው የጨፈለቁት። አልማዝ፣ ወርቅና ብረት የሚያወጡት ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ፈረቃ የሚያመላልሱት በኮንትራት አውሮፕላን ነው። ይህ ሥራ በወቅቱ የሚከፈልበት፣ መቀመጫው የሚሞላ፣ በውል የታሰረ በመሆኑ አየር መንገዶቹ ይመኙታል፤ ከዚያ የሚገኘው ገቢ ነው ባዶ ወንበር ይዞ ወደ መንደር ለሚሄደው መደበኛ በረራ ትንፋሽ የሚሰጠው። ችግሩ የማዕድን ዋጋ ሲወድቅ ወይም ማዕድኑ ሲያልቅ ድጋፉ አብሮ መሄዱ ነው። የማዕድን ሥራው ሲጧጧፍ ደግሞ ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ አውሮፕላኑም አብራሪውም ወደ ቻርተሩ ይሳባል፣ የመንደሩ በረራ ይሰረዛል። በጥር 2024 ከፎርት ስሚዝ ተነስቶ የዳያቪክ አልማዝ ማዕድን ሠራተኞችን የያዘ አነስተኛ አውሮፕላን ወድቆ ስድስት ሰዎች መሞታቸው፣ ይህ ሥራ ገቢው ጥሩ ቢሆንም አደጋው ከሌላው ያነሰ እንዳልሆነ ያስታውሰናል።

ገንዘቡ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ለማየት 2020ን መመልከት ይበቃል። ራቭን የተባለው የአላስካ አየር መንገድ ቡድን በስሩ ሦስት ኩባንያዎችን ሰብስቦ ከ100 በላይ ማኅበረሰቦችን ያገለግል ነበር። ወረርሽኙ የመንገደኛ ገቢውን በሳምንታት ውስጥ 90 በመቶ ሲቀንስበት፣ በሚያዝያ መጀመሪያ 72ቱንም አውሮፕላኖቹን አቁሞ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ሌሎች ትናንሽ ኩባንያዎች ተረባርበው ክፍተቱን ለመሸፈን ሞክረዋል፤ ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው። ይሁን እንጂ በርካታ መንደሮች ጤና ጣቢያቸው የምርመራ ናሙና መላክ በሚያስፈልገው በዚያ ሰሞን በረራቸው መቼ እንደሚመጣ ሳያውቁ ሰንብተዋል። የራቭን ችግር በወረርሽኙ ብቻ የመጣ አለመሆኑንም ማንሳት ይገባል። ቀደም ሲል ከስሮ የነበረውን ፔንኤርን በ2018 ጠቅልሎ በፍጥነት ያደገ፣ ዕዳ የተሸከመ ድርጅት ነበር። ተፎካካሪን እየገዙ ማደግ በገበያ ትምህርት ጤናማ ሊባል ይችላል፤ የአንድ ድርጅት መውደቅ መቶ መንደር በአንድ ጠዋት ሲያስቀር ግን ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

ስለ አውሮፕላኖቹ ጥቂት ብናገር የሙያ ወገናዊነት እንዳይመስልብኝ እንጂ፣ የጽሑፉ ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው። በጽሑፉ ላይ አነስተኛ አውሮፕላን ርካሽ አውሮፕላን ማለት ሆኖ ቀርቧል። በአንድ መቀመጫ ሲሰላ ግን ውድ ነው፤ የአብራሪው፣ የነዳጁ፣ የጥገናውና የመድኑ ወጪ ለ180 ሳይሆን ለዘጠኝ ሰው ይካፈላል። በዚያ ላይ ብርዱ አለ። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲሆን ሞተሩ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ከመነሳቱ በፊት በማሞቂያ ይሞቃል፣ ባትሪው ወጥቶ ቤት ውስጥ ያድራል፣ የጎማና የፕላስቲክ ማኅተሞች ደርቀው ዘይት ያፈሳሉ፣ በአንድ ቦታ የቆመ ጎማ ከታች እንደተጨፈለቀ ይደርቃል። ማሞቂያ ሃንጋር ያላቸው መንደሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መካኒኩ ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ መሥራት የሚችለው ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ያም ግማሽ ቀን በትኬቱ ዋጋ ላይ ይጨመራል።

ማኮብኮቢያውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ የሰሜን ማኮብኮቢያዎች ጠጠር ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ በሚረጋ የበረዶ አፈር ላይ የተነጠፈ አስፋልት አፈሩ በሟሟ ቁጥር ስለሚሰነጠቅና ስለሚሰምጥ፣ ጠጠር ለመጠገን ይቀላል። በጠጠር ላይ በጄት ለማረፍ በሰፊው ያገለገለው ቦይንግ ለ737-200 ያዘጋጀው ልዩ መከላከያ ነበር። ከፊት ጎማው ጋር የተያያዘ ጠጠር መመለሻ አለው፤ ከሞተሮቹ ፊት የተዘረጉ ቱቦዎች ደግሞ ነፋስ ወደ ታች እየነፉ ጠጠሩ ወደ ሞተር እንዳይሳብ ያደርጋሉ። ከዚህም ጋር በመካከሉ የሚንቀሳቀስ ግድግዳ ያለው ዓይነት ነበር፤ ከፊት ጭነት፣ ከኋላ ሰው ይይዛል፣ የጭነቱና የሰዉ ድርሻም እንደ ቀኑ ፍላጎት ይለዋወጣል። የዚያ ሞዴል ምርት በ1988 ቆሟል። ከዚያ ወዲህ የመጡት 737ዎች ሞተራቸው ትልቅና ለመሬት የቀረበ ስለሆነ ጠጠር ላይ አይወርዱም። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ወይ የ40 ዓመት አውሮፕላን እየጠገኑ መቀጠል፣ ወይ በፕሮፔለር ወደሚበረው ቱርቦፕሮፕ መመለስ አለባቸው፤ አንዳንዱ መንደርም በቀድሞው ጄት ይደርሰው የነበረውን የጭነት መጠን እያጣ ነው። ማኮብኮቢያውን አስረዝሞ አስፋልት ማድረግ የየትኛውም አየር መንገድ አቅም አይደለም፤ የመንግሥት ሥራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአንድ ወቅት ወደ ገጠር ከተሞቻችን ያበርረው የነበረው ቱዊን ኦተር በ1965 ካናዳ ውስጥ የተወለደው አጭርና ሻካራ ሜዳ ላይ እንዲያርፍ ታስቦ ነበር፤ እስከ ዛሬም በአርክቲክ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ይገኛል።

አሁን ወደ ደኅንነት ልምጣ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ዝም ብሏል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በየካቲት 2020 እንዳስታወቀው፣ ከ2008 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት የአላስካ የአየር አደጋ ምጣኔ ከቀረው አሜሪካ 2.35 እጥፍ ነበር። ከሁሉ የቅርቡ ትልቅ አደጋ የደረሰው የካቲት 6 ቀን 2025 ነው። ከኡናላክሊት መንደር ወደ ኖም ይበር የነበረ የቤሪንግ ኤር ካራቫን በባሕር በረዶ ላይ ወድቆ በውስጡ የነበሩት አሥሩም ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ሁለቱ የመንደሩን የውኃ ማከሚያ ጣቢያ ማሞቂያ ለመጠገን ሄደው የነበሩ የአላስካ ተወላጆች ጤና ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ። የቦርዱ የመጀመሪያ ዘገባ በረዶ ሊጋገርበት በሚችል አየር ውስጥ ለሚደረግ በረራ ከተፈቀደው ክብደት ወደ 1,000 ፓውንድ ገደማ በላይ ጭኖ እንደነበር ገልጿል። ቤሪንግ ኤር ከ1979 ጀምሮ የሚበር፣ በአካባቢው ሰው ዘንድ የተከበረ የቤተሰብ ኩባንያ ነው። ይህን የማነሳው እሱን ለመክሰስ አይደለም። ክብደትና ገቢ በቀጥታ በተሳሰሩበት ሥራ ላይ፣ ሁሉም ኪሎ በተቆጠረበት ማኮብኮቢያ ላይ፣ ከኩባንያው ውጭ የሆነ ዓይን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማሳየት ነው።

ሌላው ምሳሌ ከሙያዬ ጋር ይቀርባል። በጥቅምት 17 ቀን 2019 በአላስካዋ ኡናላስካ የፔንኤር ሳብ 2000 አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው አልፎ ወጥቶ አንድ መንገደኛ ሞተ። ምርመራው እንደደረሰበት፣ በግራው ዋና ማረፊያ እግር ላይ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሥርዓት ሽቦዎች በጥገና ጊዜ ተዛውረው ታስረው ነበር። ጎማው መንሸራተት ሲጀምር ሥርዓቱ የራሱን ሳይሆን የሌላውን ጎማ ፍሬን ለቀቀ፤ የሚንሸራተተውም ጎማ ፈነዳ። አብራሪዎቹም ነፋስ ከኋላ እየገፋቸው ነበር ያረፉት። ስህተቱ የተፈጸመው ከአየር መንገዱ ውጭ ባለ የጥገና ድርጅት ሲሆን፣ ሽቦዎቹ ለስህተት በሚመች ሁኔታ መነደፋቸውም ተወቅሷል። እንዲህ ያለውን ነገር በውድድር ብዛት መከላከል አይቻልም። የሚከላከለው ንድፉን የሚመረምር፣ መዝገቡን የሚያገላብጥ፣ በክረምት መንደር ድረስ የሚሄድ ተቆጣጣሪ ነው፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ ደመወዙን ከመንግሥት ያገኛል።

ደግነቱ መንግሥት ትንሽ ገንዘብ በትክክለኛው ቦታ ሲያውል ውጤቱ ፈጥኖ ይታያል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ1999 ጀምሮ በምዕራብ አላስካዋ በቤተል አካባቢ ባሉ የንግድ አውሮፕላኖች ላይ የሳተላይት አቅጣጫ መፈለጊያ፣ የመሬቱን ከፍታ የሚያሳይ ካርታና የአውሮፕላኑን ቦታ በራሱ የሚያስተላልፍ መሣሪያ በራሱ ወጪ አስገጠመ። የተገጠመላቸው አውሮፕላኖች የአደጋ ምጣኔ ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን ቀነሰ። ይህ ቦታ ማስተላለፊያ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ በአብዛኛው የአሜሪካ ዋና ዋና የአየር ክልል ግዴታ ሆኗል፤ የተፈተነው ግን በእነዚያ የወንዝ ዳር መንደሮች ላይ ነበር። በዚያው ዘመን የተጀመረው የአየር ሁኔታ ካሜራ ሥራም ዛሬ በአላስካ ከ200 በላይ ቦታዎች ደርሷል፤ አብራሪው ከመነሳቱ በፊት የተራራውን መተላለፊያ በዓይኑ አይቶ ይወስናል። ኩባንያዎቹ እነዚህን ለየብቻቸው ሊያደርጓቸው ይችሉ ነበር፣ ግን ለዓመታት አላደረጓቸውም፤ ምክንያቱም ለዘጠኝ መቀመጫ በረራ በተሠራው ሒሳብ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

የውድድሩ ጉዳይ ጸሐፊው ትልቅ ተስፋ የጣሉበት ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ አልችልም። ካናዲያን ኖርዝና ፈርስት ኤር ለረጅም ዓመታት በምሥራቅ አርክቲክ ሲፎካከሩ ከቆዩ በኋላ፣ ሁለት አውሮፕላን በግማሽ ባዶ ወንበር እያበረሩ አብረው መክሰራቸውን አውቀው በ2019 ተዋሐዱ። የካናዳ የውድድር ቢሮ ውህደቱ ብዙ መስመሮችን በአንድ ኩባንያ እጅ እንደሚያስገባ አስጠንቅቆ ነበር። የፌዴራሉ ካቢኔ ግን ዋጋ ያለ ወጪ ምክንያት እንዳይጨምር፣ በረራም እንዳይቀነስ የሚሉ ግዴታዎች አስሮ ፈቀደው። ኩባንያው በእነዚያ ግዴታዎች መኖር አልቻልኩም ሲል በ2023 ግዴታዎቹ ላላ ተደረጉ። በ2025 ደግሞ ካልም ኤርና ፔሪሜትር የተባሉትን አየር መንገዶችና የሕሙማን በረራ የሚያካሂደውን ኪዌቲን ኤርን አስቀድሞ የያዘው ኤክስቼንጅ ኢንካም ኮርፖሬሽን ካናዲያን ኖርዝን በ205 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ ግዢውም በዚያው ዓመት ተፈጸመ። በዚህ ውስጥ የሚያሳስበኝ ባለቤቱ መለወጡ ሳይሆን፣ የሕሙማንን ትኬት የሚገዛው መንግሥት ከአንድ ሻጭ ጋር ብቻ የሚደራደርበት ቀን መቃረቡ ነው። ገበያው ጠባብ ሲሆን ሁለት ሻጮችን አያኖርም፤ አንዱን ብቻ ሲተውልን ደግሞ ቁጥጥሩ ከባድ ይሆናል። የካናዳ ባለሥልጣናት ለዚህ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላቸው ብዬ አላምንም።

ግሪንላንድና ኖርዌይ ይህን ክርክር በሌላ መንገድ ፈትተውታል። የግሪንላንድ አየር መንገድ ከ2019 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የግሪንላንድ መንግሥት ንብረት ነው፤ በኅዳር 2024 የተከፈተው የዋና ከተማዋ የኑክ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያም በሕዝብ ገንዘብ ነው የተሠራው። የሰሜን ኖርዌይ 800 ሜትር ማኮብኮቢያዎች በጨረታ በሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ይኖራሉ፤ የትኬቱን ጣሪያ መንግሥት ይወስናል፣ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ደግሞ ጣሪያውን በግማሽ ቀንሶታል። ሁለቱም ሀብታም አገሮች ናቸው ቢባል ልክ ነው፤ አላስካና ካናዳም ድሆች አይደሉም።

በኢትዮጵያ አነስተኛ አውሮፕላን ያላቸው የግል የቻርተር ኩባንያዎች ሥራ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የሚበዛው ሥራቸው ቱሪስቶችን፣ የእርዳታ ድርጅቶችንና ሕሙማንን በኮንትራት ማጓጓዝ ነው፤ ፈቃድ ስላላቸው ብቻ መንገድ ወደሌለው ወረዳ መደበኛ በረራ አልጀመሩም፣ ይህን ባለማድረጋቸውም አልወቅሳቸውም። ጸሐፊው ሐሳባቸውን የሚቀጥሉበት ከሆነ፣ አንድ ተጨባጭ መስመር መርጠው የካራቫን የአንድ ምልልስ ወጪ ስንት እንደሆነ፣ መንገደኛው የሚችለው ስንት እንደሆነ፣ ልዩነቱን ጤና ሚኒስቴር፣ ፖስታ ድርጅት ወይስ ክልሉ እንደሚከፍል፣ ለስንት ዓመት ውልም እንደሚከፍል በጋዜጣችሁ ላይ በስሌት እንዲያሳዩን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የአላስካው ምሳሌ ከዚያ በኋላ ቢጠቀስ ለውይይቱ ይጠቅማል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ
ኤድመንተን፣ ካናዳ